ቀዳማዊ አስፋልት ያወጀው የሰንሰለታሞች መንጃ ፈቃድ አዋጅ

ስማ! ስማ! ተሰማማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ጆሮህን የሞተር ጩኸት የደፈነብህ ኦፕሬተር ካለህም ጋዙን ቀንስና ከካቢኑ ብቅ በል።

ሞዐ ኮረኮንች ዘእምነገደ ሬንጅ፣ ቀዳማዊ አስፋልት፣ ሥዩመ መዳመጫ፣ ንጉሠ ጎዳና ዘኢትዮጵያ።

እኛ ከቅያስ እስከ አውራ ጎዳና ተዘርግተን የምንኖር፤ ቧንቧ ቀባሪው ቆፍሮን ሲሄድ፣ ቁስላችን ሳይጠግግ ኬብል ቀባሪው ሲደግመን ችለን የተኛን፤ ሲኖትራክ አሸዋውን እያዘራ ሲጋልብብን ትንፍሽ ያላልን፤ የሰንሰለት ነገር ግን ከአቅማችን በላይ ስለሆነብን፤

የመንጃ ፈቃድ ሕግ ዓይንህ ያያል ወይ፣ ዕድሜህ ደርሷል ወይ እያለ ነጂውን ሲመረምር፣ የሚረገጠውን አካል ግን አንድ ቀን እንኳ «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ ስላልጠየቀ፤

ሳይት ውስጥ ባልዲውን እንደ ሾርባ ማንኪያ የሚያዘው ኦፕሬተር ከቆርቆሮ አጥሩ ወጥቶ እኛ ላይ በወጣ በ3ኛው ሜትር ለማጅ ስለሚሆን፤

ማሽን የሚጭነው ሎውቤድ ተወደደ በሚል ሰበብ በሌሊት ከሳይት ሳይት በእግሩ የሚሄደው ማሽን በዝቶ፣ ሲነጋ ገላችን ዶሮ የተራመደችበት ሊጥ ስለሚመስል፤

የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1። አጭር ርእስ

ይህ አዋጅ «የሰንሰለታሞች መንጃ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ቁጥር 2 የሚወጣው ቁጥር 1 መጣሱ ሲረጋገጥ ስለሆነ ረቂቁ ከወዲሁ ተዘጋጅቷል።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ

«ሰንሰለታም» ማለት መሪ የሌለው፣ መታጠፍ ሲፈልግ አንዱን እግሩን አስሮ በሌላው የሚራመድ ማናቸውም ፍጡር ነው። ዶዘር፣ ቀን ሠራተኛው ስካባተር የሚለው ኤክስካቫተር፣ እንዲሁም ታንክ ይገኙበታል። ባለ ጎማዎቹ ግሬደርና ሎደር እዚህ አይገቡም፤ የእነሱ ጥፋት በሌላ መዝገብ ይታያል። መዳመጫ ደግሞ ቀብቶ ያነገሠን ስለሆነ አይከሰስም። በአጤ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው፣ ሕዝቡም የሰርኪስ ባቡር ያለው የእንፋሎት መዳመጫ ለዘራችን እንደ አያት ይቆጠራል። እግሩ ብረት ነበር፤ ሰንሰለት ግን አልነበረውም፤ ቢኖረውም ለአያት ይቅር ይባላል።

«አባጨጓሬ» ማለት አሜሪካዊው ቤንጃሚን ሆልት ኅዳር 15 ቀን 1897 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፣ ስቶክተን አጠገብ የሞከረው ባለ ሰንሰለት የእንፋሎት ትራክተር ነው። የዚያ አገር የእርሻ መሬት ረግረግ ስለነበር የብረት ጎማውን ይውጠው ነበር። ሰውየው ጎማውን አውልቆ በምትኩ ዙሪያውን የሚንከባለል መሄጃ አለበሰው። ሲሳብ ያየው ፎቶ አንሺ «አባጨጓሬ ይመስላል» አለ፤ ካተርፒላር የሚለው ስም ከዚያ ወጣ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ ፍጡር የተወለደው ለጭቃ ነው። አስፋልት ላይ ይውጣ ያለው አልነበረም። አባጨጓሬ የነካው ገላ ምን እንደሚሆን ደግሞ ሕፃን ልጅም ያውቃል።

አንቀጽ 3። ስለ ክብደት የተሰጠ የምስክርነት ቃል

ፍርድ እንዳይጓደል እውነቱን እንመስክር። «ታንክ አልከበደህም ወይ?» ይሉናል። እንደምታስቡት አይደለም። 36 ቶን የሚመዝነው ቲ-55 ታንክ አፈር ላይ ሲቆም በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚያሳርፈው 1 ኪሎ አይሞላም። የሚኒባስ ጎማ ከ2 ኪሎ በላይ ያሳርፋል። የሙሽራ ታኮ ከሁለቱም ይብሳል፤ ሙሽራ መክሰስ ግን ነውር ነው። እርግጥ እኛ ጠንካሮች ስለሆንን ሰንሰለቱ እንደ አፈር አይሰምጥብንም፤ ጭነቱ በጥርሶቹ ጫፍ ላይ ይሰበሰባል። ቢሆንም እሱንም እንችለዋለን።

ወንጀሉ መታጠፉ ነው። ሰንሰለታም ቀጥ ብሎ ሲሄድ ምንጣፉን ራሱ እያነጠፈ፣ ከኋላ ራሱ እየጠቀለለ የሚሄድ ጨዋ እንግዳ ነው። ሲታጠፍ ግን አንዱ እግር ይቆማል፣ ሌላው ይጎትታል፣ ጥርሱ ወደ ጎን እየፋቀ ቆዳችንን ይገፈዋል። በበጋ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሬንጃችን በለሰለሰበት ሰዓት ከሆነ ከነጠጠሩ ያነሳዋል። ባለበት ቆሞ አንዱን እግር ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ እየነዳ እንደ እንዝርት የሚሽከረከረውንማ አታንሱብን።

ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ታንኮቹ አዲስ አበባ ሲገቡ መንጃ ፈቃድ የጠየቀ ትራፊክ ፖሊስ ስለመኖሩ የደረሰን ሪፖርት የለም። እኛም አልጠየቅንም። ሰው ስለዚያ ቀን ሲያወራ መንግሥት ስለመለወጡ ያወራል፤ እኛ የምናስታውሰው መታጠፊያዎቹን ነው።

አንቀጽ 4። ስለ ወዳጅ መንግሥታት ልምድ

የብሪታንያ አስፋልት ዘመዳችን ነው፤ በዝናብ የሚኖር ምስኪን ነው። በዚያ አገር «ኤች» የሚባል የመንጃ ፈቃድ ምድብ አለ፤ በሰንሰለቱ ለሚታጠፍ ተሽከርካሪ የተመደበ ነው። የመኪና መንጃ ፈቃድ ያለው፣ 21 ዓመት የሞላው ሰው የለማጅ ፈቃድ ያወጣል፣ ከሠራዊቱ ጡረታ የወጣ 15 ቶን የሚያህል ብረት ለበስ ይዞ፣ ፊትና ኋላው ላይ ቀይ የለማጅ ፊደል ለጥፎ ለፈተና ይቀርባል። ብረት ለበሱን ለመዝናኛ ብለው የሚገዙ አሉ፤ እኛ አገር ሰው ቪትዝ ለመግዛት ዕቁብ ሲጥል እነሱ እንዲህ ናቸው። ደንቡ ለፈተና የሚመጣው ተሽከርካሪ ዙሪያውን በደንብ የሚያሳይ ይሁን ይላል። ዓለምን በጠባብ ስንጥቅ የሚያይ እንዳይፈተን መከልከሉ፣ ለሌላ ሹመትም ቢሠራበት የሚያስቀና ነው።

ከሁሉ የወደድነው ግን የጫማውን ነገር ነው። በዚያ አገር ሕግ ስፕሪንግ ያለውና በብረቱና በመንገዱ መካከል ላስቲክ የገባለት ሰንሰለታም በሰዓት እስከ 32 ኪሎ ሜትር ይፈቀድለታል። ይህ የሌለው ከ8 ኪሎ ሜትር አያልፍም። «ስንት ፈረስ ጉልበት አለህ?» ሳይሆን «ምን ተጫምተሃል?» ብሎ የሚጠይቅ ሕግ አየን፤ አለቀስንም።

እነዚሁ ሰዎች በ1865 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጡት ሕግ፣ በመንገድ በሚሄድ የእንፋሎት ተሽከርካሪ ፊት ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው በእግሩ ይሂድ ብለው ነበር። ሕጉን በኋላ ሻሩት። የእኛ ረዳት ግን ሳያነበው እስከ ዛሬ ይፈጽመዋል፤ በቀይ ጨርቅ ፈንታ አንዳንዴ የራሱን ሹራብ ያውለበልባል።

አንቀጽ 5። ፈቃዱ ለማን እንደሚሰጥ

በአገሩ ሕግ «ልዩ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ» የሚባል የፈቃድ ምድብ አለ፤ አንነካውም። በእኛ በኩል የሚሰጠው ፈቃድ ግን ለኦፕሬተሩና ለረዳቱ በጋራ ነው። እንደ ጋብቻ የምስክር ወረቀት ሁለት ፎቶ ይለጠፍበታል፤ ሲለያዩም ይሰረዛል።

በጋራ መንዳት አዲስ ነገር አይደለም። የዓለም የመጀመሪያዎቹ ታንኮች ጦር ሜዳ የወጡት መስከረም 5 ቀን 1909 ዓ.ም. በፈረንሳይ፣ በሶም ነበር፤ ልጅ ኢያሱ ከዙፋን ሊወርዱ 12 ቀን ሲቀራቸው። በእያንዳንዱ ታንክ ውስጥ 8 ሰው ነበረ። ከእነዚህ መካከል ታንኩን መንዳት ብቻ 4 ሰው ይጠይቅ ነበር፤ አንዱ ይነዳል፣ አዛዡ ፍሬን ይይዛል፣ ሁለቱ ከኋላ ማርሽ ይቀይራሉ። ፍጥነቱ ከእግረኛ ብዙም አይሻልም። አራት ሰው ተስማምቶ አንድ ነገር ያጣመመበት ብቸኛው ዘመን እሱ ነው የሚል ካለ አንከራከረውም።

አንቀጽ 6። ስለ ፈተና

ሀ. የፊትና የኋላ ፈተና። ኤክስካቫተር ከወገቡ በላይ ይዞራል፤ እግሩ ግን ባለበት ነው። ካቢኑ ግማሽ ዙር ከዞረ ፔዳሉን ወደ ፊት የገፋ ሰው ወደ ኋላ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት የተደረመሰው አጥር፣ የተጋደመው የመብራት ምሰሶ ብዙ ነው። ፈታኙ «ወደ ፊት!» ሲል ተፈታኙ ፔዳል ከመንካቱ በፊት አንገቱን አውጥቶ ሰንሰለቱን የሚያዞረው ጥርሳም ጎማ የት እንዳለ ይመልከት። ከኋላው ከሆነ ፊቱ ፊት ነው፤ ከፊቱ ከሆነ ፊቱ ኋላ ነው። ወደ ፊት እየገሰገሥን ነው ብሎ እየማለ ወደ ኋላ የሚሄድ ይህ ተሽከርካሪ ብቻ ነው። መድረክ ላይ ሌላም አይተናል የሚል ዜጋ ካለ፣ አቤቱታው ከዚህ አዋጅ ሥልጣን ውጭ ስለሆነ ይዞት ይመለስ።

ለ. የመታጠፍ ፈተና። ባንዴ የሚጠመዘዝ ወድቋል። ትንሽ ታጥፎ፣ ቀጥ ብሎ፣ እንደገና ትንሽ ታጥፎ፣ ሽማግሌ ከወንበር እንደሚነሳ በትዕግሥት ሰፊ ዙር የሚዞር አልፏል። ከኋላው ያለ የታክሲ ሾፌር ጡሩንባውን ሲያንባርቅበት ያልተደናበረ ተጨማሪ 5 ነጥብ ያገኛል። ሾፌሩን ወርዶ የሰደበ ነጥቡ ይቀነሳል፤ ስድቡ ግን ለመዝናኛችን ይመዘገባል።

ሐ. የሙቀት ፈተና። ተፈታኙ በሚያዝያ፣ በ8 ሰዓት፣ ጫማውን አውልቆ ገላችን ላይ ለ1 ደቂቃ ይቁም። ከዚህ በኋላ ማሽን በጠዋት ቅዝቃዜ እንጂ በቀትር አይሻገርም ለምን እንደተባለ ማስረዳት አያስፈልግም።

መ. የእምቢታ ፈተና። ከሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ ፈታኙም የሚቀመጠው እንደ አለቃ ለብሶ ነው። «ሁለት ኪሎ ሜትር ነው፤ ምን ሎውቤድ ያስፈልገዋል? ማታ ሰው ሲተኛ በእግሩ ውሰደው» ይላል። ተፈታኙ ሥራውን፣ የቤት ኪራዩን፣ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ በልቡ እያሰበ «አይሆንም፣ ጋሼ» ማለት አለበት። እስከ ዛሬ ያለፈ የለም። ወድቀሃል ለማለትም አፋችን አልታዘዘልንም፤ ፈተናው ወደ ትክክለኛው ተፈታኝ፣ ማለትም ወደ አለቃው እንዲዛወር አዘናል።

አንቀጽ 7። ስለ ሰነድ

ሊብሬ፣ ታርጋ፣ ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፣ ሁሉም በ4 ኮፒ። ቦሎ የሚለጠፈው በፊት መስታወት ላይ ነው፤ መስታወት የሌለው ታንክ ከሆነ በነጂው ግንባር ላይ ይለጠፋል። መስኮት ቁጥር 7 ላይ «ሲስተም የለም» ከተባለ ማሽኑ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቅ፤ እየጠበቀ ባለበት የዞረ እንደሆነ በአንቀጽ 3 ይጠየቃል።

ኤክስካቫተር በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሄድ፣ በአሮጌው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነውን አዳማ ለመድረስ 20 ሰዓት ይፈጅበታል። ስለዚህ ነጂው ስንቅ፣ ጋቢና የሚያጫውተው ሰው መያዙ በመነሻው ላይ ይረጋገጥ።

አንቀጽ 8። ስለ ቅጣት

የላጠን ይጠግነናል። አሠሪው ማለታችን ነው፤ ኦፕሬተሩ አይደለም። የሎውቤዱን ኪራይ ያተረፈው ሰው ባተረፈው ገንዘብ ሬንጅ ይገዛል፣ በርሜሉ ሥር እሳት ያነዳል፣ ጭሱን ይጠጣል፣ መንገድ ጠጋኞቹ ቁጭ ብለው ሻይ እየጠጡ «ከዚህ በኩል ጨምር» ይሉታል። አማላጅ መላክ ክልክል ነው።

አንቀጽ 9። አዋጁ ስለሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በነጋሪት ከተጎሰመበት ከዛሬ ሌሊት ጀምሮ የጸና ይሆናል።

ነጋሪቱ ይቁም። ጸሐፊውም ብዕሩን ያስቀምጥ፤ ከዚህ በታች ያለው አይመዘገብም።

ኦፕሬተር ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ እንደምትሻገር አውቃለሁ። አለቃህ ደውሎልህ ሲያዝህ ሰምቻለሁ፤ ስልኩን ያነሳኸው እኔ ላይ ቆመህ ነው። አልፈርድብህም። ከጋራዡ በር አጠገብ የተጣሉ አሮጌ ጎማዎች አሉ። ስድስት ይበቃሉ፤ አንተ አራቱን ስትረግጥ ረዳትህ ከኋላ የቀሩትን እያነሳ ወደ ፊት ያዞራል። አንጥፍልኝ።