በርሜሉ ይረፍ እንጂ

አዲስ አበባ ሳለሁ ግሮሰሪ ማለት ጃምቦ የሚቀዳበት ቤት ነበር። ሜሪላንድ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ወዳጄ «ግሮሰሪ ደርሰን እንምጣ» ሲለኝ ሸሚዝ ቀይሬ ወጣሁ። ይዞኝ የሄደው ሽንኩርትና የሽንት ቤት ወረቀት የሚሸጥበት አዳራሽ ነው። ጋሪውን እየገፋሁ ስከተለው እስከ መጨረሻው መደርደሪያ ድረስ ተስፋ አልቆረጥኩም፤ ምናልባት በጓሮ በኩል ይሆናል ብዬ። ከ15 ዓመት በኋላ ቤዝመንቴ ውስጥ የራሴን ግሮሰሪ ያስከፈተኝ ያ ቁጭት ነው።

የጠርሙስ ቢራ ጠልቼ አይደለም። የአገር ቤቱም ቢሆን እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ አይጠፋም። ድራፍት ግን ሌላ ነገር ነው። ቀጂው ብርጭቆውን አዘንብሎ ሲቀዳ፣ አረፋው ሁለት ጣት ያህል ከላይ ተኝቶ ሲቀርብ፣ የብርጭቆው ላብ ጠረጴዛው ላይ ክብ ሲሠራ፣ ያኔ ሰው ወሬው ራሱ ይጥማል።

ልጃችን ከዩኒቨርሲቲ ልትመረቅ ሦስት ወር ሲቀራት ለድግሱ ቤታችን ውስጥ ድራፍት የመቅዳቱን ነገር ለባለቤቴ አነሣሁላት። «በሳጥን ገዝተን በረዶ ውስጥ ብንነክረው ምን ይጎድላል?» አለች። ምን እንደሚጎድል ረዘም አድርጌ አስረዳኋት። ሰምታኝ ስታበቃ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የት ልታስቀምጠው ነው?»

ጠቡ እዚህ ላይ ነው። ቤዝመንት ያለው አሮጌ ፍሪጅ የበርበሬ፣ የሽሮ፣ የተነጠረ ቅቤና የድርቆሽ ርስት ነበር። በስንት ሽምግልና በርበሬው ተፈናቀለ። ፍሪጁ ግን በርበሬውን አልረሳም፤ እስከ ዛሬ በሩን ስትከፍቱት መጀመሪያ ያስነጥሳችኋል፣ ከዚያ ነው የሚያስጠማችሁ።

ዕቃው ብዙ አይደለም። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር፣ ግፊቱን የሚቆጣጠር ሪጉሌተር፣ የጋዝ ጎማ፣ የቢራ ጎማ፣ በርሜሉ አናት ላይ የሚቆለፍ መግጠሚያ፣ ቧንቧ። መግጠሚያውም ዘር አለው፤ የአሜሪካ ቢራዎች አብዛኞቹ «ዲ» የሚባለውን ይቀበላሉ፣ ከአውሮፓ የሚመጡት ብዙዎቹ «ኤስ» ይፈልጋሉ። ይህን ያወቅሁት «ኤስ» ከገዛሁ በኋላ ነው። ጋዙን ያስሞላሁት የብየዳ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ነው። ከበያጆች መሀል ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ ባለሱቁ «ምንድነው የምትበይደው?» አለኝ። «ቢራ» አልኩት። ሳይስቅ ሞላልኝ፤ የመጀመሪያው አይደለሁም ማለት ነው።

ከዚያ ፍሪጁን መብሳት መጣ። የጎን ግድግዳው ውስጥ የማቀዝቀዣው ቱቦ ሊያልፍ ስለሚችል የሚሻለው በሩን መብሳት ነው። ትራፓኖዬን ይዤ፣ አማትቤ፣ በሳሁት። ባለቤቴ ከደረጃው ጫፍ ቆማ «ጨረስከው?» አለችኝ። ቀዳዳውን ይሁን ፍሪጁን እስካሁን አልጠየቅኋትም።

ያን ማታ ሲሊንደሩን ገጥሜ፣ ከፍቼ፣ ሥራ ሠራሁ ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ስወርድ የሪጉሌተሩ መርፌ ዜሮ ላይ ተጋድማለች። ለካ ጓርኒሲዮኑን ሳላስገባ ነው ያጠበቅሁት፤ ከሳንቲም የማትበልጥ ቀለበት፣ ኪሴ ውስጥ ተኝታለች። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል፣ ሽታ የለውም፣ በተዘጋ ምድር ቤት ወለሉ ላይ ሊጠራቀም ይችላል። አሁን ብቀልድበትም ያን ጠዋት መስኮቱን ለመክፈት ስሮጥ አልቀለድኩም። ሁለተኛውን ሲሊንደር ስገጥም በየመጋጠሚያው የሳሙና ውሃ ቀባሁ፤ አረፋ ካወጣ ያፈሳል ማለት ነው። አላወጣም። አረፋው ሌላ ቀን ቀጥሮልኝ ነበር።

የምርቃቱ ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ በርሜሉን ከመጠጥ ሱቁ ተረከብኩ። መያዣ ገንዘብ፣ ቅጽ፣ ፊርማ፤ የማደጎ ልጅ የምወስድ ነው የሚመስለው። ግማሽ በርሜል ይሉታል፤ ግማሽነቱ ግን ስሙ ላይ ብቻ ነው። 58 ሊትር ከምናምን ይይዛል፣ ሙሉውን ሲመዝኑት ከ70 ኪሎ ይበልጣል። መኪናዬ ኋላ ተጋድሞ በየመታጠፊያው እየተንከባለለ፣ ኬክና እንጀራ ለመውሰድ ሁለት ቦታ ስቆም በግንቦት ፀሐይ እየተጠበሰ መጣ። ቤዝመንቱ 13 ደረጃ አለው። ከጎረቤቴ ጋር በየደረጃው «ዱብ» እያደረግን አወረድነው። ጎረቤቴ በእያንዳንዱ ዱብታ ስለሚያማርር ለመቁጠር አላስቸገረም።

ጥሪው ለ9 ሰዓት ነበር፤ ሐበሻ ነንና 10 ሰዓት ተኩል ላይ ቤቱ ሞላ። ወሬው ተሰምቶ ኖሮ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ብርጭቆ ይዞ ወደ ታች ወረደ። በሩ ላይ ጥቁር እጀታ ያለው ቧንቧ ተገትሯል። እኔ ነጭ ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ሳብኩት።

አረፋ። ሁለተኛው ብርጭቆ፣ አረፋ። ሦስተኛውን ቀስ ብል ይሻል ይሆናል ብዬ በግማሽ ከፍቼ ቀዳሁ፤ ባሰበት። የባለቤቴ አጎት ብርጭቆአቸውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው ካዩት በኋላ «ልብስ ልናጥብ ነው እንዴ የተጠራነው?» አሉ። ባልዲ መጣ። ስልኬን አውጥቼ ምክር ፈለግሁ፤ አንዱ ቪዲዮ ግፊቱን ቀንስ ይላል፣ ሌላው ጨምር ይላል። ሁለቱንም አደረግሁ። ባልዲው ሞላ።

አማቴ ለምርቃቱ ከደብረ ብርሃን መጥተው ነበር። ጫጫታውን ሰምተው ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ወረዱ። ባልዲውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ በርሜሉን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት።

«መቼ ነው የመጣ?»

«ዛሬ ጠዋት ነው፣ እማማ።»

«በምን?»

«በመኪና።»

«እዚህስ እንዴት አወረዳችሁት?»

ነገርኳቸው፣ 13ቱንም ዱብታ።

«ታዲያ መንገደኛ አይደለም እንዴ? ይረፍ እንጂ ልጄ! ጋን ሲነቀነቅ አተላው አይነሣም? ሳይጠራ ማን ይቀዳል? ደግሞም አልበረደም» አሉና እጃቸውን በነጠላቸው ጠራርገው ወደ ዶሮ ወጣቸው ተመለሱ።

ምክንያቱን ኋላ ላይ አንብቤ ተረዳሁት። ቢራ ጋዙን አቅፎ የሚይዘው ሲቀዘቅዝ ነው፤ 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን ይስማማዋል። ሲሞቅ ይለቀዋል፣ ሲናጥም ይለቀዋል፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ለስላሳ መጠጥ ነቅንቆ የከፈተ ሰው ያውቀዋል። ከአራቱ ጥፋቶቼ ሁለቱ የበርሜሉ ናቸው። ሌሎቹ ሁለቱ የቧንቧው። ጎማውን «ምን ያንዘላዝለዋል» ብዬ አንድ ሜትር ላይ ቆርጬው ነበር፤ በ12 ፒኤስአይ የሚገፋ ቢራ በቀጭን ጎማ ሦስት ሜትር ያህል ሲጓዝ ነው እየታሸ ጉልበቱን የሚጨርሰው። በአንድ ሜትር ግን ሩጫውን ሳያበርድ ብርጭቆ ውስጥ ዘሎ ይገባል። ቧንቧውም ሲከፈት ሙሉ በሙሉ ነው፤ በግማሽ የተከፈተ ቧንቧ ራሱን የቻለ አረፋ መሥሪያ ነው። እማማ ከአራቱ ሁለቱን በመዳፋቸው አገኟቸው። የጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ የተቋቋመው በ1915 ዓ.ም. ነው፤ የጠላው ዕውቀት ከዚያ በፊት ስንት ዘመን በእናቶች እጅ ሲተላለፍ እንደኖረ እንግዲህ እናንተ ገምቱ።

ያን ማታ እንግዳው በጥም አልሄደም። ባለቤቴ ለካ አራት ሳጥን ቢራ ጋራዥ ውስጥ ደብቃ አቀዝቅዛ ነበር። አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ያን ዝምታ ግን እስከ ዛሬ በቃሌ እወጣዋለሁ።

እሑድ አመሻሽ ላይ ረጅም ጎማ ቀይሬ፣ ሪጉሌተሩን 12 ላይ አስተካክዬ፣ ብርጭቆውን አዘንብዬ፣ ቧንቧውን እስከ ጥግ ሳብኩት። ወርቅ የመሰለ ቢራ፣ ከላይ ሁለት ጣት አረፋ። የመጀመሪያውን ለእማማ ወሰድኩላቸው። ቀመሱ፣ ትንሽ አሰቡ፣ ደግመው ቀመሱ።

«ጥሩ ነው። ጌሾ አንሶታል እንጂ።»

ከመሄዳቸው በፊት አንድ ሌላ ጥያቄ ጣሉብኝ። ጎማው በየሁለት ሳምንቱ በመድኃኒት እንደሚታጠብ፣ አለዚያ ውስጡ እርሾና ቆሻሻ እንደሚይዝ ሳስረዳቸው በጥሞና ሰሙኝ። ጋን በግራዋ ማጠብ ለለመደ ሰው አዲስ ነገር አልነበረም። «መልካም፤ በምን ታጥነዋለህ?» አሉ። በወይራ የሚታጠን ጎማ እንደሌለ ስነግራቸው ፊታቸው ላይ ያየሁት ለዚህ አገር ያላቸውን ሐዘን ነው።

ሌላው ችግር የሒሳብ ነው። 58 ሊትር ማለት ከ120 ብርጭቆ በላይ ነው። የእኛ ቤት ሁለት ሰው ነው፣ አንዷ አትጠጣም። ያልተፓስተረ ቢራ ደግሞ በጋዝና በቅዝቃዜ ቢያዝም ከሁለት ወር በላይ አይጠብቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ጎረቤቴን ጠራሁ፤ 13 ዱብታ ካሣ ይገባዋል። ቀጥሎ የባለቤቴ አጎት ዓርብ ዓርብ ብቅ ማለት ጀመሩ። አሁን ጠርቻቸው አላውቅም፤ ይመጣሉ፣ ኮታቸውን ወንበሩ ላይ ይሰቅላሉ፣ «ድገመን» ይላሉ። ባለፈው ሳምንት አንድ የማላውቀው ሰው ይዘው መጥተው በቁም ነገር «ባለቤቱ እሱ ነው» ብለው አስተዋወቁኝ። ሰውየው ሒሳብ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ።

ትምህርት ወስጄ አሁን የማስመጣው ትንሹን በርሜል ነው፤ 20 ሊትር አይሞላም፣ ለብቻዬ እሸከመዋለሁ። የሚገባው ሐሙስ ማታ ነውና ከቅዳሜ በፊት እንዳትመጡ። ብርጭቆ በረዶ ቤት ክተትልን አትበሉኝ፤ እሱም አረፋ ያበዛል። መሐረብ ግን ያዙ፤ ፍሪጁ አሁንም ያስነጥሳል።