«ታወር» ቢሉት ታወርን

ከእንጅባራ ዳንግላ ወርጄ ቡና ልጠጣ አንድ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከመንገዱ ማዶ የስልክ ታወር ቆሟል። ከጎኔ አንድ አያ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ዱካቸውን አዙረው፣ ጀርባቸውን ለታወሩ ሰጥተው ተቀምጠዋል።

«አያ፣ ምነው ፊት ነሱት?»

«ዓይኔን የነሳኝ እሱ አይደል? እሱ ከቆመ ወዲህ አላይ አለኝ።»

«ከቆመ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ዐሥር።»

«እርስዎስ?»

«ሰባ ስምንት።»

«ታወሩ ባይቆም ኖሮ እንግዲህ እርስዎም ስልሳ ስምንት ላይ ቆመው ይቀሩ ነበር።»

ጋቢያቸውን ከአፋቸው ገለጥ አደረጉ። «አንተ ልጅ፣ ስሙን ራሳቸው ‹ታወር!› ብለው አውጥተውለት ምን ምስክር ትሻለህ? ባላንጣ እንኳ ሲራገም ‹ዓይንህ ይጥፋ› ብሎ ሁለት ቃል ያወጣል። እነሱ በአንድ ቃል ጨረሱን!»

እዚህ ላይ እጄን ሰጠሁ። በሰሙ ረቱኝ። ወርቁን ግን አልለቅም፦ የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ ከበረታባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ትራኮማ ሽፋሽፍትን ወደ ውስጥ አዙሮ ብሌንን እያስፋቀ ያሳውራል። የሚያዛምተው ያልታጠበ ፊት፣ የጋራ ጨርቅና ዝንብ ነው። ዝንብ ደግሞ ከዓይን ወደ ዓይን ለመሄድ ኔትወርክ አትጠይቅም።

ከበሩ መቃን ተደግፎ የቆመ ጎረምሳ ጣልቃ ገባ። «የዓለም ጤና ድርጅት እኮ ስልክ ካንሰር ያመጣል ብሏል።»

አላለም። ግንቦት 2003 የድርጅቱ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ፈረንሳይ፣ ሊዮን ላይ ተሰብስቦ የስልክን ጨረር «2ቢ» በሚባለው መዝገብ አስገባው፤ «ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ማለት ነው። ጥርጣሬው ከባዶ አልተነሳም፤ ስልክ ከጆሯቸው በማይለይ ሰዎች ላይ አንዳንድ ጥናቶች ምልክት አይተው ነበር። ግን መዝገቡ የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል እንደጠና ነው፣ በሽታው ምን ያህል እንደከፋ አይደለም። እዚያው 2ቢ ውስጥ የእሬት ቅጠል ጭማቂም አለ። ቡና ራሱ እስከ 2008 ድረስ እዚያ ታስሮ ቆይቶ ነው በነፃ የተለቀቀው። አንድ ደረጃ ከፍ ስትል 2ኤ ውስጥ ቀይ ሥጋና የማገዶ ጭስ ተቀምጠዋል። ከሁሉ በላይ፣ ጥርጥር በሌለበት በአንደኛው መዝገብ፣ ትምባሆ፣ የፀሐይ ጨረርና የአልኮል መጠጥ አሉ።

«ወንድሜ፣» አልኩት፣ «ከአፍህ የሚወጣው የአረቄ ሽታ ራሱ አንደኛው መዝገብ ነው። ፍርደኛውን አቅፈህ እያደርክ ተጠርጣሪው ይታሰር ትላለህ?»

ቡና የምታፈላው ልጅ ስኒውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «ጋሼ፣ በወሬዎ ቀዘቀዘ።»

«ሆን ብዬ ነው። ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥም 2ኤ መዝገብ ውስጥ አለ። ይውረድ ብዬ ነው የጠበቅኩት።»

«ሒሳቡ ግን አይወርድም።»

ጎረምሳው አልተረታም። «አሜሪካኖች አይጥ ላይ ሞክረው ዕጢ አገኙ!»

ይሄስ እውነት ነው። በ2011 ይፋ በሆነው ጥናት፣ መላ አካላቸው በቀን ዘጠኝ ሰዓት፣ ለሁለት ዓመት ጨረር ከተለቀቀባቸው ወንድ አይጦች አንዳንዶቹ ልብ ላይ ዕጢ ታይቷል። ወሬ አመላላሾች ዘለው የሚያልፉት ክፍል ግን አለ፦ ጨረር የተለቀቀባቸው ወንድ አይጦች ካልተለቀቀባቸው ይልቅ ረዘም ያለ ዕድሜ ኖሩ።

አያ ዱካቸውን ወደ ታወሩ መለስ አደረጉ። «እንግዲያው እሱ ሥር አልጋ አንጥፉልኝ።»

ስለ ሰው ከተነሳማ፣ በ2016 ማብቂያ ላይ የወጣ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያሠራው ግምገማ 63 ጥናቶችን መርምሮ በሞባይልና በአንጎል ካንሰር መካከል ዝምድና አላገኘም። የዓለም ሕዝብ በሙሉ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ ሠላሳ ዓመት ሲያወራ የአንጎል ካንሰር አብሮ አልጨመረም። የጨመረው ሐሜቱ ነው።

«ኮሮናንስ ያመጣው 5ጂ አይደለም?» አለ ጎረምሳው።

ኮሮና አገራችን የገባው መጋቢት 2012 ነው። 5ጂ አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው ግንቦት 2014። የተከሰሰው ገና ሳይወለድ ወንጀሉ ተፈጽሞ አለቀ። ዳንግላማ ያኔ 5ጂን በወሬ ብቻ ነበር የምታውቀው።

አያ በዚህ መሐል መላ አመጡ። «ጉዳት የለውም ካላችሁ ደግ። ለማንኛውም ነቅለው ወደ ዘንገና ሐይቅ ይውሰዱት።»

እዚህ ላይ ተረቡን ልተው፤ ነገሩ ከዚህ ወዲህ ነውና። ስልክና ታወር ገደል ለገደል እንደሚጣሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። ታወሩ ቅርብ ከሆነ ስልክህ በሹክሹክታ ያወራል። ራቅ ካለ፣ ኔትወርኩ አንድ ጭረት ብቻ ሲሆን፣ ያለውን ጉልበት አውጥቶ ይጮሃል፤ ባትሪውም ቶሎ የሚያልቀው ለዚህ ነው። የሚጮኸው ደግሞ ታወሩ ጆሮ ላይ ሳይሆን ያንተ ጆሮ ላይ ነው። ታወሩን ከሰፈሩ ያባረረ ሰው ጨረሩን አላባረረም፣ ኪሱ ውስጥ አስገባው። ጨረር ደግሞ ርቀትን አይችልም፤ እጥፍ ስትርቀው ሩብ ይሆናል። የሚፈራ ሰው ስልኩን ከጆሮው አርቆ በስፒከር ወይም በማዳመጫ ያውራ። በስፒከር የምታወሩ ግን እባካችሁ ሚኒባስ ውስጥ አይሁን፤ የባለቤታችሁን ቁጣ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ሰማን።

ጨረር ሲባል ሁሉም አንድ አይምሰላችሁ። የራጅ ጨረር ከአቶም ኤሌክትሮን ይነቅላል፣ ስለዚህ ሐኪሙ ራሱ ከመከለያ ኋላ ይቆማል። የስልክ ጨረር ግን ዓይን ከሚያየው ብርሃን እንኳ በጉልበት ያነሰ ነው፤ ቢበዛ ሥጋን ጥቂት ያሞቃል። በእንጅባራ ብርድ ይሄ ስድብ ሳይሆን ምርቃት ነው።

ባጃጅ አቁሞ ቡና የጠየቀ ሾፌር ስልኩን ገልብጦ አሳየን። ጀርባው ላይ ወርቃማ ስቲከር ተለጥፏል። «ጨረር መከላከያ ነው።»

«ይደወልልሃል?»

«ይደወላል እንጂ!»

«ጥሪው በምን ገባ ታዲያ? በቀዳዳ?»

ስልክ ከጨረር ከተከለከለ የማሰሮ ክዳን ነው። ይህ ሰው ጨረር ፈርቶ ስቲከር ገዛ፤ ከዚያ ስልኩን በትከሻና በጆሮው መሐል አጣብቆ፣ በአንድ እጁ መሪ ይዞ ከተሳፋሪ ጋር ሄደ። ስልክ ሰው ሲገድል ያየሁት በዚህ መንገድ ብቻ ነው።

ነሐሴ 2015 በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ሕመማችን ከኢንተርኔቱ የመጣ ቢሆን ያን ጊዜ ማገገም ነበረብን። ዐረብ አገር ያለች ልጇን በኢሞ ማየት አጥታ እንቅልፍ ያጣች እናት ግን አውቃለሁ። የነጠላዋን ጫፍ ታኝክ ነበር፤ ይሄ ለተረብ አይሆንም፣ ልለፈው።

ሊመሽ ሲል አያ የመጨረሻዋን ጥይት ተኮሱ። «ለከሰል የምንተክለውን ዲከረንስ ያደረቀውስ? ፋግታ ለኮማ ወረዳ ያለው ዛፍ ሁሉ ቀላ፣ ተጨማደደ። እሱም ፊቱን ይታጠብ?»

እሱ እንኳ በመታጠብ አይድንም። ዛፉን የያዘው ዝገት የሚባል የፈንገስ በሽታ ነው፤ በንፋስ ይዛመታል፣ ሲም ካርድ የለውም። የገረመኝ ግን አያ የዛፉን ሞት ለታወር ሲያላክኩ፣ ዛፉ ከሰል ሆኖ ፊታቸው ላይ እየነደደ መሆኑ ነው። ከአዊ በየመኪናው ተጭኖ እስከ አዲስ አበባ የሚሄደው ያ ከሰል፣ ተራራ ላይ ቆሞ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ሽታ የሌለው፣ ቀለም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ እሱ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ወንበር ይይዛል። ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያስተኛል። አስተኝቶ አይቀሰቅስም። ታወር ሥር ተኝቶ የሞተ ሰው ሲቀበር አይቼ አላውቅም፤ ምድጃ ታቅፎ በር ዘግቶ ተኝቶ ሳይነሳ የቀረ ግን በየክረምቱ እንሰማለን።

ልጅቷ ብርዱ ሲጠና ፍም የሞላ ምድጃ ይዛ ወደ ውስጥ ልትገባ ተነሳች። አያ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተከተሏት።

«አያ፣ ወዴት?»

«ከጨረሩ ልሸሽ።»

«በሩን ግን አይዝጉት።»

«ከፍቼውማ ታወሩ ያየኛል!»

ሳቅን። እሳቸው ገቡ፣ እኔ ግን ተነስቼ በሩን ገርበብ አድርጌ በድንጋይ ደገፍኩት። አንባቢዬ፣ እንጅባራ ላይ ዛሬ ማታም ብርድ ነው፤ ፍም ያለበትን ምድጃ ከመኝታ ቤት አውጥተህ ተኛ። ስልኩ የፈለገው ቦታ ይደር፣ ከትራስህ ሥር ብቻ አይሁን፤ ባትሪው ይግላል።