የጋምቤላን ታሪክ አበላሽቶ የመጻፍ መመሪያ

የጋምቤላን ታሪክ ለማበላሸት አጭሩ መንገድ ከመልክዓ ምድሩ መጀመር ነው። የልቦለዱ የመጀመሪያ ገጽ ወይም የፊልሙ የመጀመሪያ ትዕይንት በባሮ ወንዝ ላይ የምትጠልቅ ቀይ ጀምበር ይሆናል። ከዚያ አዞ፣ ከዚያ የማንጎ ዛፍ፣ ከዚያ ሙቀቱ። ሰው እስኪታይ ድረስ አምስት ገጽ ያልቃል። የሚታየውም ጀርባውን ሰጥቶ ታንኳ የሚቀዝፍ አንድ ሰው ነው። ስሙ አይነገርም፤ ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን እንደጠፋበት፣ ማን እንደሚጠብቀው የሚጠይቅ የለም።

መቼት ሥዕል ሆኖ ሲቀር ታሪኩ የሚቆምበት መሬት ያጣል። ቦታና ጊዜ ለደራሲው የሚጠቅሙት ባለታሪኩን አንድ ነገር ሲያስችሉት ወይም ሲከለክሉት ነው። ባሮ ለዚህ የሚሆን ብዙ ነገር አለው። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል በባሮ ዳር ከ2,000 ሜትር ያልበለጠ የወንዝ ዳርቻና ከ400 ሄክታር ያልበለጠ ቦታ ለንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ውሉ በኢታንግ አካባቢ ይላል፤ ጣቢያው በመጨረሻ የቆመው ጋምቤላ ላይ ነው። ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች በነጭ ዓባይና በሶባት አድርገው ወደ ባሮ ይገቡ ነበር። ጨርቅና ጨው አምጥተው ቡና ይዘው ይመለሱ ነበር። ይህ ሁሉ ይሆን የነበረው ግን ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ ብቻ ነው። ውሃው ሲጎድል መርከብ አይወጣም ነበር፤ በጊዜ ያልወጣችውም አሸዋ ላይ ተቀምጣ የሚቀጥለውን ክረምት ትጠብቅ ነበር።

እዚህ ውስጥ አንድ ሙሉ ልቦለድ አለ። ከ2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ጎሬ ቡናውን በበቅሎ ጭኖ፣ የቡሬን ቁልቁለት ወርዶ፣ 500 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው ቆላ የሚገሰግስ ነጋዴ ይታሰብ። ገንዘቡ የብድር ነው። መስከረም እየገፋ ነው፤ ከፊቱ ያለው ወንዝ በየቀኑ አንድ ጣት ይጎድላል። አንባቢ የወንዙን ውበት ማንም ሳይነግረው ያየዋል፤ ምክንያቱም ነጋዴው በየማለዳው ዳርቻው ላይ ተንበርክኮ የትናንቱን የውሃ ምልክት ከዛሬው ጋር ያስተያያል። ይህን ታሪክ ለማበላሸት የሚበቃው ጀምበሯን ማስገባትና የውሃውን ልክ መርሳት ነው።

ሁለተኛው እርምጃ «ጋምቤላዎች» የሚባል አንድ ሕዝብ መፍጠር ነው። ክልሉ የኑዌር፣ የአኝዋ፣ የመዠንግር፣ የኦፖና የኮሞ ሕዝቦች መኖሪያ ነው፤ ከደጋ መጥተው እዚያው የኖሩ፣ እዚያው የወለዱም ብዙ ናቸው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 307,096 ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ በውስጡ ያለው የአኗኗር ልዩነት ግን ትንሽ አይደለም። ታሪኩን የሚያበላሽ ደራሲ ወጣት የኑዌር ወንድ ለአካለ መጠን ሲደርስ በግንባሩ ላይ የሚቆረጠውን የ«ጋር» መስመር ወስዶ ለአኝዋ ዓሣ አጥማጅ ይሰጠዋል። ከብቱን ወስዶ በመዠንግር ደን ውስጥ ያሰማራዋል። ቀፎ ሰቅሎ ማር የሚቆርጠውን መዠንግር ደግሞ ጦር አስይዞ ሜዳ ላይ ያስሮጠዋል። በተመልካች ዘንድ ይህ የልብስና የጌጥ ስሕተት ይመስላል። የሚጠፋው ግን የባለታሪኩ ፍላጎት ነው። አንድ የኑዌር ወጣት በሬ ሲሰጠው ከበሬው መልክና ቀለም የተነሣ ስም ያወጣል፤ ጓደኞቹ በጭፈራው ላይ የሚጠሩት በዚያ ስም ነው። ያ በሬ ቢሰረቅ ወጣቱ የሚፈልገው ንብረቱን ብቻ አይደለም። ይህን የማያውቅ ደራሲ የከብት ዘረፋ ትዕይንት ሲጽፍ ተኩስ ይጽፋል፤ ልጁ ለምን ሕይወቱን ለአንድ በሬ እንደሚሰጥ ግን ለተመልካች ማስረዳት አይችልም።

ንግግሩን ማበላሸት ከዚህ ይቀላል። ሁሉም ገጸ ባሕርያት በተሰባበረ አማርኛ እንዲናገሩ ማድረግ ይበቃል። ጋምቤላ ገበያ ላይ ዓሣ የምትሸጥ ሴት በብዙ ስክሪፕት ውስጥ «እኔ ዓሣ ሸጥ፣ አንተ ግዛ» ትላለች፤ አዳራሹ ይስቃል፤ ሴትዮዋም ከዚያ ትዕይንት በኋላ አትታይም። ያችው ሴት ለእህቷ በአኝዋ ቋንቋ ስትናገር ግን አንደበቷ የተባ ነው፤ የደራሲው ሥራ ያንን ሙሉነት በአማርኛ ማምጣት ነው። «የትናንቱን የዛሬ ነው ብዬ ልሽጥለት? ነገም እኮ እዚሁ ነው የሚመጣው» ብትል፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንግዷ፣ ሕሊናዋና ደንበኛዋ ይታወቃሉ። አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ስለሆነ ያችው ሴት ቢሮ ስትሄድ ቃል እየመረጠች፣ እየተጠነቀቀች ልትናገር ትችላለች። በሁለቱ ንግግሮቿ መካከል ያለው ርቀት ራሱ ድራማ ነው። በስብርባሪ አማርኛ የሚስቅ ስክሪፕት ይህን ርቀት ይጥለዋል፤ ከዚያም በላይ አንዲትን ትልቅ ሰው ሕፃን አድርጎ ለሕዝብ ያሳያል፤ ይህ በደል ነው።

ሴራን ማበላሸት ግን ልዩ ጥረት ይጠይቃል፤ ምክንያቱም አካባቢው በሴራ አዋቂነት የከበረ ነው። አኝዋን ጨምሮ የሉዎ ቋንቋ ተናጋሪ ሕዝቦች እስከ ኡጋንዳና ኬንያ ድረስ የሚጋሩት የጦርና የጨሌ ተረት አለ። አተራረኩ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ አጥንቱ ግን አንድ ነው። አንዱ ወንድም የሌላውን ጦር አንሥቶ ዝሆን ላይ ይወረውራል። ዝሆኑ ጦሩን ከነቁስሉ ይዞ ይጠፋል። ባለጦሩ ሌላ ጦር ቢያመጡለት፣ ብዙም ቢደረድሩለት፣ የራሴን ካልሆነ አልቀበልም ይላል። ወርዋሪው ወንድም ዝሆኖች ወዳሉበት አገር ተጉዞ፣ ስንት መከራ አይቶ፣ ያንኑ ጦር ይዞ ይመለሳል። ጨሌም ይዞ መጥቷል። ከዚያ አንድ ቀን ጨሌው ሲሰካ የባለጦሩ ሕፃን አንዷን ፍሬ ይውጣታል። ባለጨሌው ሌላ አይቀበልም፤ የራሴን ይላል። የሕፃኑ ሆድ ይቀደዳል፤ ወንድማማቾቹም ለዘለዓለም ይለያያሉ።

በዚህ ተረት ውስጥ ትርፍ ነገር የለም። «የራሴን» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ይሰማል፤ መጀመሪያ ግትርነት ነው፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲሰማ ቢላዋ ነው። ድንገት የሆነው የፍሬዋ መዋጥ ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ የሰው ምርጫ ነው። አድማጭ ሁለቱንም ወንድሞች ይረዳቸዋል፤ ሁለቱንም ያወግዛቸዋል። ጦሩ ሲጠፋ የተዘራው ንግር ጨሌው ሲዋጥ ፍሬ ያፈራል፤ በመሐል ማንም ተራኪ ገብቶ ምንም አላስረዳም።

ተረቱን የሚያበላሽ ደራሲ መጀመሪያ ምልሰት ያስገባል፤ በተቀደደው ሆድ ጀምሮ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ስለዚህ ጨሌው ሲመጣ ማንም አይደነግጥም። ቀጥሎ ከሁለቱ ወንድሞች አንዱን ክፉ ያደርገዋል፤ ጠጪ፣ ሴት የሚመታ፣ በመልኩ የሚያስፈራ። ቀጥሎ ቢላዋው ሊነሣ ሲል አንድ ሽማግሌ ያስገባና ያስታርቃቸዋል፤ ሽማግሌው ስለ ቂም ክፋት ሁለት ገጽ ይናገራል። በመጨረሻም ሕፃኑ ያሳዝናል ብሎ በግልገል ይቀይረዋል። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ቢደረግ ተረቱ ይሞታል። የሽማግሌው ንግግር ከሁሉ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም አድማጩ ለራሱ ደርሶበት የነበረውን ሐሳብ ከእጁ ይነጥቀዋል።

ግጭትን በተመለከተ የተለመደው የማበላሸት ዘዴ «የጥንት ጥላቻ» የሚል ሐረግ መጠቀም ነው። ሐረጉ ደራሲውን ከጥያቄ ሁሉ ያሳርፈዋል። መሬቱ የማን ነበር፣ ወንዙ መንገዱን ሲቀይር ማን ተነሣ፣ በደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲነሣ ስንት ሰው ድንበር ተሻገረ፣ መሣሪያው ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ አይኖርበትም። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ አኝዋዎች የተገደሉበት ቀን፣ በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ድንበር ተሻግረው የመጡ የሙርሌ ታጣቂዎች ከ200 በላይ ሰው ገድለው ከ100 በላይ ሕፃናት የወሰዱበት ጥቃት፣ በእንዲህ ያለ ስክሪፕት ውስጥ የመክፈቻ ጩኸት ሆነው ያገለግላሉ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ታሪኩ ወደ ሌላ ሰው ይዞራል። ከተወሰዱት ልጆች የተመለሱ አሉ፤ ያልተመለሰ ልጇን የምትጠብቅ እናት፣ የጎረቤቷ ልጅ ሲመለስ ልታይ የምትሄድበት መንገድ ብቻውን ፊልም ነው። በዚያ መንገድ ላይ አንድም ጥይት መተኮስ አያስፈልግም።

ያ «ሌላ ሰው» አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ አገር የሚመጣ ሐኪም፣ ጋዜጠኛ ወይም የዕርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ነው። ታሪኩን ለእንግዳ የመስጠት ፈተና የአገር ውስጥ ደራሲን ብቻ የሚገጥም አይደለም። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ የሥነ ሰብ ምሁር በ1933 ዓ.ም. ገደማ የአኝዋ ተዋጊዎችን ይዞ በአኮቦና በጊሎ ወንዞች አካባቢ ጣሊያንን ወግቷል። ይህን ታሪክ የሚያበላሽ የፊልም ጸሐፊ ካሜራውን ምሁሩ ትከሻ ላይ ያስቀምጣል። ወንዙን የሚያውቁት፣ መንገዱን የሚመርጡት፣ ጣሊያንን ለመውጋት የራሳቸው ምክንያት ያላቸው ተዋጊዎቹ ናቸው፤ ምሁሩ ለእነሱ ምን ይመስላቸው እንደነበር መጠየቅ ታሪኩን ያድሰዋል። ጊሎ በዓለም ሥነ ጽሑፍም ይታወቃል። በ1983 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ካምፖች የተባረሩት የደቡብ ሱዳን ልጆች ያንን ወንዝ ሲሻገሩ ያለቁበትን ሰዓት ዴቭ ኤገርስና ሊንዳ ሱ ፓርክ በየልቦለዳቸው ጽፈውታል። መጻሕፍቱ የልጆቹ ናቸው፤ መሆንም አለባቸው። በወንዙ ዳር ይኖር የነበረው ሰው ያን ቀን ያየውን ግን የሚጽፈው የጋምቤላ ደራሲ ነው፤ እሱም የመጣውን እንግዳ ተከትሎ ከሄደ ያ ቀን ከአንድ ወገን ብቻ እንደታየ ይቀራል።

ስክሪፕቱ በዚህ ሁሉ ተርፎ ከሆነ ፒች ሲደረግ ማበላሸት ይቻላል። ፕሮዲዩሰር ፊት የቀረበ ጸሐፊ ፊልሙ ስለ ሰላም፣ ስለ አብሮ መኖር፣ የክልሉን ቱሪዝም ስለ ማስተዋወቅ መሆኑን ይናገራል። ቀጥሎ ስለ ብሔራዊ ፓርኩና በየዓመቱ ስለሚሰደደው የነጭ ጆሮ ቆርኬ መንጋ ያብራራል። ቀጥሎ «እስካሁን ማንም ያልሠራው» ይላል። ሩብ ሰዓት ካለፈ በኋላ አድማጩ የማን ታሪክ እንደሆነ አላወቀም። በ2007 ዓ.ም. ካን ፌስቲቫል ላይ የታየው የያሬድ ዘለቀ ፊልም «ላምብ» በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፤ እናቱ የሞተችበት ልጅ ዘመድ ቤት ተልኮ፣ አጎቱ ለበዓል ሊያርዳት የፈለጋትን በጉን ለማዳን ይጥራል። ልጅ አለ፣ በግ አለች፣ ቀን አለ። የጎሬው ነጋዴም እንዲሁ ይነገራል፤ በብድር የገዛውን ቡና ወንዙ ሳይጎድል ለመጨረሻዋ መርከብ ማድረስ ያለበት ሰው። ሰላሙም፣ አብሮ መኖሩም፣ መልክዓ ምድሩም በዚህ ውስጥ ገብተው ይመጣሉ።

ሲኖፕሲስ ላይ መጨረሻውን መደበቅም ጥሩ የማበላሸት ዘዴ ነው። «ቀሪውን በፊልሙ ያዩታል» የሚል ጽሑፍ ለተመልካች ማስታወቂያ ይሆናል፤ ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው ግን ጸሐፊው መጨረሻውን ማወቁን ማረጋገጥ አለበት። መቼ ይቀረጻል ተብሎ ሲጠየቅ «በማንኛውም ጊዜ» ብሎ መመለስም እንዲሁ ነው። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ስለ ሙላት የሚተርክ ፊልም የሚቀረጸው ወንዙ ሲሞላ፣ መንገዱም ሲጨቀይ ነው፤ የካቲት ላይ ለመቅረጽ የታቀደ የክረምት ታሪክ የሚያገኘው አሸዋ ነው። ይህን አስቀድሞ ያሰበ ጸሐፊ ሲናገር ፕሮዲዩሰሩ ቦታውን እንደሚያውቀው ወዲያው ይገባዋል።

የመጨረሻው እርምጃ ረቂቁን ለባለቤቶቹ አለማንበብ ነው። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ኒውላንድ ወይም ኦሚኒንጋ ሰፈር በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ትዕይንቶቹን አንድ በአንድ ጮክ ብሎ ማንበብ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አድማጮቹ ስሙ የማን ወገን እንደሆነ፣ ያንን ቃል ለአማት ማለት ነውር መሆኑን፣ ያ ከብት በዚያ ወቅት እዚያ ሜዳ ላይ እንደማይገኝ ይናገራሉ፤ ጸሐፊው ያላሰበውን የተሻለ መጨረሻም ሊነግሩት ይችላሉ። ታሪኩን የሚያበላሸው ግን አማካሪ የሚጠራው ቀረጻው አልቆ፣ ምስሉ ተቆርጦ፣ ሙዚቃው ከገባ በኋላ ነው። አማካሪው ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ዐይቶ ሲጨርስ ከግማሽ በላዩ ስሕተት ነው ይላል። በዚያ ሰዓት ሊታረም የሚችለው ከምስሉ ግርጌ የሚነበበው ጽሑፍ ብቻ ነው።