«ሰበር ሰሚ ችሎት እንዳለው…»

የሕግ ምሁሮቻችን ቁጥብ ናቸው። ፍርድ ሲጠቅሱ «ሰበር ሰሚ ችሎት በተለያዩ መዝገቦች እንዳለው» ይሉና ያልፋሉ። በየትኛው መዝገብ? መቼ? ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ምሁር ማክበር አያውቅም።

ደፈር ያለው ግን ቁጥር ይጽፋል። የሰ/መ/ቁ. 23632ን እንውሰድ። በሕፃን አስተዳደግ ክርክር ችሎቱ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 ይዞ የሕፃኑን ጥቅም ያስቀደመበት የታወቀ ውሳኔ ነው፤ የተሰጠውም ጥቅምት 26 ቀን 2000 ዓ.ም.። ምሁራችን ለፈረንጅ መጽሔት ሲያሰናዳው 2000 ላይ 8 ይደምርና «2008» ብሎ ቁጭ! በጥቅምት የሚደመረው 7 መሆኑን፣ ቀኑም ኖቬምበር 6 ቀን 2007 እንደነበር ማን ደፍሮ ይንገረው? ከእሱ የገለበጠ ተማሪ 2008 ይላል፤ ከተማሪው የገለበጠ ጠበቃም እንዲሁ። ስሕተቱ ሦስት ምስክር ቆመለት፤ ከእንግዲህ ማን ያስተባብለዋል?

ዋናው ጥበብ ግን ፍርዱን ሳያነቡ መጥቀስ ነው። የሰበር ፍርድ የሥር ፍርድ ቤቶችን ውሳኔ፣ የአመልካችን ቅሬታና የተጠሪን መልስ ዘርዝሮ ሲያበቃ ነው ወደ ችሎቱ ምርመራ የሚገባው። እስከዚያ ማን ይታገሣል? ምሁራችን መጀመሪያ ያገኘውን የአመልካች አቤቱታ በትምህርተ ጥቅስ ከትቶ «ሰበር እንደወሰነው» ይለናል። በችሎት የተረታው አመልካች በመመረቂያ ጽሑፍ ይረታል፤ ያውም ይግባኝ የሌለበት ድል! በልዩነት የተለዩት ዳኛም በግርጌ ማስታወሻ አብላጫ ድምፅ ይሆናሉ።

ቅጽና ገጽ መጻፍማ አንባቢን ማስነፍ ነው። ፈልጎ ያግኝ።

አዋጅ ቁጥር 454/1997 የሰበርን የሕግ ትርጉም በየደረጃው ባሉ ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ ሲያደርግ፣ ችሎቱ በሌላ ጊዜ የተለየ ትርጉም ሊሰጥ እንደሚችልም አብሮ ደንግጎ ነበር። የተካው አዋጅ ቁጥር 1234/2013ም አስገዳጅነቱን አልነካም። እንግዲህ የጠቀሱት ትርጉም ዛሬም መጽናቱን ማጣራት ሊያስፈልግ ነው። ምሁራችን ግን የቃሉ ሰው ነው፤ ችሎቱ ሐሳቡን ቢለውጥ እሱ ምን አገባው?

የመመረቂያ ጽሑፍ የምትፈትኑ መምህራን፣ አንድ ልመና አለኝ፤ ከግርጌ ማስታወሻው ደስ ያላችሁን አንድ ቁጥር ምረጡና ጸሐፊው ፊት መዝገቡን ክፈቱት።