ፐርሰንት እየቆጠሩ ደብረ ወርቅ

የኤሌክትሪክ መኪና ይዞ ምሥራቅ ጎጃም የገባ ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ «አንዴ ቻርጅ ከተደረገች ስንት ትሄዳለች?» ደጀን ላይ ሻይ የምትሸጥ ልጅ ጠየቀችኝ። ብቸና ላይ የባጃጅ ሹፌሮች ከበው ጠየቁኝ። እነሱስ ቢጠይቁ እውነታቸውን ነው፤ ቤንዚን ጠፍቶ በሃይላንድ ጠርሙስ እየተቸረቸረ በሚሸጥበት አገር ያለ ቤንዚን የምትሄድ መኪና ስታልፍ ዝም ብሎ የሚያይ ሹፌር የለም።

ሁሉም የሚጠብቁት አንድ ቁጥር ነው። እኔም መኪናዋን ስገዛ የተነገረኝ አንድ ቁጥር ነበር፤ 500 ኪሎ ሜትር። ይህ ቁጥር ከየት እንደሚመጣ ማስረዳት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው እሱን አምኖ ነው መንገድ የሚወጣው። መኪኖቹ በብዛት የሚመጡልን ከቻይና ነው፤ ቻይና ደግሞ የራሷ መለኪያ አላት። ልኬቱ የሚወሰደው በቤተ ሙከራ ውስጥ ነው፤ አነዳዱም በአብዛኛው የከተማ፣ ዝግ ያለ ነው። አውሮፓውያን ፍጥነቱ ጠንከር ያለ ሌላ መለኪያ አላቸው። ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስን እንውሰድ፤ አውሮፓ ውስጥ አቶ 3 ተብሎ የሚሸጠው ነው። ባለ 60.48 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪው በቻይና መለኪያ 510 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይባላል፤ በአውሮፓ መለኪያ ግን 420። ባትሪው ያው ነው። የእኔም መኪና ባትሪ በዚያው መጠን ነው፤ ሰው ሞልታ፣ ዕቃ ጭና፣ በአገራችን ዳገት በ100 ኪሎ ሜትር 16 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ትበላለች። ይህ ከሙሉ እስከ ባዶ ወደ 370 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ከበቂ በላይ ነው። ደብረ ወርቅ ግን ከአዲስ አበባ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ መሀል ላይ ደግሞ ዓባይ አለ።

ጉዞው የአክስቴ ነበር። ተወልደው ያደጉት ደብረ ወርቅ ነው፤ የጥር 21ን አስተርእዮ በደብራቸው ማንገሥ ለረጅም ጊዜ ሲመኙ ኖረዋል። የደብረ ወርቅ ማርያም ነገር ለማያውቅ ሰው፦ ደብሩ እጅግ ጥንታዊ ነው፤ ወንጌላዊው ሉቃስ ሣላት የምትባል የእመቤታችን ሥዕል ያለችበት መሆኑ በትውፊት ይነገራል። ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ከቀሰሙባቸው ደብሮች አንዱ ነው። አክስቴ ግን ይህን ሁሉ አይቆጥሩም፤ ለእሳቸው የእናታቸው መቃብር ያለበት ነው። መንገዱ በጦርነቱ ምክንያት ለብዙ ጊዜ ሲዘጋና ሲከፈት ቆይቶ «ሰሞኑን ደህና ነው» የሚል ወሬ ሲመጣ፣ ነገ ሳይሉ ተነሡ።

እስከ ጎሃ ጽዮን ያለው መንገድ ብዙም የሚነገርለት ነገር የለውም። እንጦጦን ከወጡ በኋላ ሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ ፍቼ ሜዳ ለሜዳ ነው። እንዲያውም ከፍታው ያግዛል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ መኪናውን የሚገታው ነፋስ ይቀንሳል። የቤንዚን ሞተር በዚህ ከፍታ አየር አጥሮት ጉልበቱ ሲደክም የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስምና ባለበት ይጸናል። ጎሃ ጽዮን አፋፍ ላይ ስንደርስ ዳሽቦርዱ 51 ከመቶ ይላል።

የዓባይ በረሃ ለኤሌክትሪክ መኪና የሒሳብ ትምህርት ቤት ነው። ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ 1,400 ሜትር ገደማ ይሆናል። መኪናዋ ሰዉና ዕቃው ሲደመር ሁለት ቶን ትመዝናለች እንበል። ሁለት ቶን 1,400 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት 7.6 ኪሎዋት ሰዓት ጉልበት ያስፈልጋል፤ የባትሪው አንድ ስምንተኛ ነው፤ ያውም የጎማው ሰበቃና የሞተሩ ብክነት ሳይታከልበት። በአንጻሩ ሲወርዱ ሞተሩ ዲናሞ ይሆንና የቁልቁለቱን ጉልበት ወደ ባትሪው ይመልሳል። ተሳቢ መኪኖች ፍሬናቸው ግሎ ሽታው በረሃውን ሞልቶት ነበር፤ እኛ ፍሬን የነካነው አስፋልቱ በመሬት መንሸራተት ተጨማዶ ባበጠበት ስፍራ ብቻ ነው። 51 የነበረው 52 አለ፤ ቀጥሎ 54። አክስቴ ቁጥሩ ሲጨምር አይተው «ማን ሞላልህ?» አሉኝ። ዓባይ ድልድይ ስንደርስ 58 ሆነ።

በ2001 ዓ.ም. መግቢያ በጃፓን ድጋፍ ተሠርቶ በተመረቀው ድልድይ ላይ ስናልፍ ውሃውን ቁልቁል አየሁት። ይህ ውሃ ጎጃምን ዞሮ ጉባ ይደርሳል። የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ሲከለክል ያቀረበው ምክንያትም ይኸው ነበር፤ ለነዳጅ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ በራሳችን ውሃ መተካት። እኔ በዚህ ሐሳብ ከልቤ አምናለሁ። መኪናዋንም የገዛሁት በዚሁ እምነት ነው።

ከድልድዩ እስከ ደጀን ቁልቁለቱ የሰጠውን ዳገቱ ተቀበለ፤ ያውም በትርፍ። ደጀን ስንገባ 40 ከመቶ። በዕቅዳችን ደጀን ላይ ምሳ እየበላን ከምግብ ቤቱ ሶኬት ጥቂት ልንሞላ ነበር፤ ከትናንት ጀምሮ መብራት የለም ተባለ። ደግነቱ የሚቀረው ርቀት ከባትሪው አይበልጥም። የብቸናን የጤፍ ሜዳ፣ ክምሩንና አውድማውን እያየን፣ ፍጥነታችንን ከ60 ሳናሳልፍ ሄድን። በዚህ ፍጥነት መኪና የሚበላው በ100 ከሚበላው እጅግ ያንሳል፤ ነፋስን ለመግፋት የሚወጣው ጉልበት በፍጥነቱ እጥፍ ብቻ ሳይሆን በእጥፉ እጥፍ ነው የሚጨምረው። ደብረ ወርቅ ስንገባ 22 ከመቶ ቀርቶ ነበር።

ፈተናው የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ያረፍነው በአክስቴ ወንድም ቤት ነው። ከመኪናዋ ጋር የሚመጣውን የእጅ ቻርጀር አውጥቼ ሳሎን ያለው ሶኬት ላይ ሰካሁ። ቻርጀሩ መሀሉ ላይ ትንሽ ሳጥን አለችው፤ አረንጓዴ ከበራ ትሞላለች፣ ቀይ ከበራ አትሞላም። ቀይ በራ። ሌላ ክፍል ወስጄ ሰካሁ፤ ቀይ። ጎረቤት ግቢ ወሰድነው፤ ቀይ። መብራት አለ፤ ሬዲዮው ይናገራል፤ መኪናዋ ግን አልቀበልም አለች።

አንድ ወጣት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠርቶ መጣ። ቴስተሩን ሶኬቱ ውስጥ አስገብቶ አየና፣ ክዳኑን በፒንሳ ፈቶ አሳየኝ፦ «ጋሼ፣ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያለው። ፌዝና ኒውትራል። ኤርዝ የለውም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስተኛው ሽቦ፣ ኤርዝ የሚባለው፣ መብራት ለማብራት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ኮረንቲ አምልጦ የመኪናው አካል ላይ ከወጣ ሰው ከመንካቱ በፊት ወደ መሬት እንዲወርድ ነው። የቻርጀሩ ሳጥን ያ ሽቦ መኖሩን ሳታረጋግጥ ሥራ አትጀምርም፤ እንዲህ ተደርጋ ነው የተሠራችው። ብዙ የቆዩ ቤቶች ደግሞ ሲሠሩ ያ ሽቦ አልተዘረጋላቸውም። ከተሰበሰበው ሰው አንዱ «ኒውትራሉን ከኤርዙ ጋር ቀጥልለት፣ ይታለላል» አለ። ወጣቱ በቁጣ እንቢ አለ። «ኒውትራሉ ምሰሶ ላይ ቢበጠስ መኪናዋ በሙሉ ኮረንቲ ትሆናለች። ልጆቹ ናቸው የሚነኳት።» ይህን ልጅ አከበርኩት። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ማታለያ እንደ ዘዴ የሚያስተምሩ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ አደጋው ደብረ ወርቅ ያለ ወጣት የገባውን ያህል አልገባቸውም።

ያደረገው ይህን ነው። ከሰው ቁመት የሚበልጥ ፌሮ ፈልጎ አመጣ፤ መዳብ ቢሆን ይሻል ነበር፣ መዳብ ግን አልተገኘም። ቦታውን ራሱ መረጠ፤ ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ የዕቃ እጣቢ የሚደፋበት፣ በጥር በጋም እርጥብ የሆነ መሬት። እርጥብ አፈር ኮረንቲ ይቀበላል፣ ደረቅ አፈር ይገፋል። በመዶሻ እየቀጠቀጠ አወረደው፤ ስንዝር ያህል ሲቀረው ዙሪያውን ቆፍሮ ከሰልና ጨው ሞላበት፤ አንድ ባልዲ ውሃም አፈሰሰ። ጫፉን እስኪያበራ ድረስ በሞረድ ፍቆ ሽቦውን አሰረና በመስኮት አስገብቶ ከሶኬቱ ሦስተኛ ቀዳዳ ጋር አገናኘው። ሰካን። ሳጥኗ ትንሽ አሰበችና አረንጓዴ በራች። ግቢው ውስጥ እልል ተባለ።

እልልታው ሳያልቅ መብራቱ ፈዘዘ። ማድ ቤት ውስጥ ለበዓሉ እንጀራ ይጋገር ነበር። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል፤ መኪናዋ ከእጅ ቻርጀር ከምትወስደው ይበልጣል። ዋዜማ ስለሆነ ደግሞ በየጎረቤቱ ምጣድ ተጥዷል። ሶኬቱ ላይ 220 ቮልት መሆን የነበረበት ወደ 180 ወረደ፤ ቻርጀሩም ኃይሉ አነሰኝ ብሎ ቆመ። አክስቴ ፍርዱን ሰጡ፦ «እንጀራው ይቅደም። የማርያም እንግዳ ጦሙን አያድርም።» ማንም አልተከራከረም።

ምጣዱ ሲወጣ፣ ሌሊት፣ በ8 አምፔር ብቻ እንድትስብ አድርገን ለቀቅናት። በዚያ ቮልቴጅ 8 አምፔር አንድ ኪሎዋት ተኩል ገደማ ነው። ከ22 ከመቶ እስከ ሙሉ ለመድረስ 47 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋታል፤ ሳይቋረጥ ቢሞላ እንኳ ከ30 ሰዓት በላይ ነው። ይኸው ባትሪ አዲስ አበባ ውስጥ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. መክፈት ከጀመራቸው ፈጣን ጣቢያዎች በአንዱ ቢሆን ከ20 እስከ 80 ከመቶ ለመሙላት አንድ ሰዓት አይፈጅበትም። ደብረ ወርቅ ላይ ግን መብራቱ ሌሊት ሄደ፤ ጧት መጣ፤ ቅዳሴ ላይ ሳለን ሄደ፤ ማታ መጣ። በንግሡ ማግስት ልንመለስ የያዝነው ቀጠሮ ተሰረዘ፤ አዲስ አበባ ሥራ የሚጠብቀው የአክስቴ ልጅ በሰው መኪና ቀድሞን ሄደ። አክስቴ ብቻ ደስ አላቸው፤ መብራት በሄደ ቁጥር አንድ ዘመድ ጨምረው ይጠይቃሉ።

በእነዚያ ቀናት ያንገበገበኝን ልናገር። የጎጃም ሰው እንደ ሌላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ ለግድቡ ቦንድ ገዝቷል፤ ደመወዙን አዋጥቷል። ውሃው ከደጁ ነው የሚያልፈው። ማመንጨት ግን አንድ ነገር ነው፣ ማድረስ ሌላ። ኃይሉ ከጉባ በከፍተኛ መስመር ወጥቶ፣ በማከፋፈያ ጣቢያ ዝቅ ብሎ፣ በእንጨት ምሰሶ ስንት ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ በአንድ ትራንስፎርመር ሥር ለስንት ምጣድ ተካፍሎ ነው ሳሎን የሚደርሰው። ዳር ላይ ያለ ከተማ የሚደርሰው ከሁሉ የተረፈው ነው። መስመሩ ላይ ጦርነትና የተቋረጠ ጥገና ሲጨመርበት ደግሞ ያም አይተርፍም። ስለዚህ የባጃጅ ሹፌሮቹ «ስንት ትሄዳለች?» ሲሉኝ፣ በብቸናና በሞጣ መካከል ያለውን የመብራት መስመር ሳያዩ የሚመለስ ጥያቄ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ባትሪው ለዓባይ በረሃ አላነሰም። ያነሰው ሽቦው ነው። ጎሃ ጽዮን አንድ፣ ደጀን አንድ፣ ብቸና ወይም ሞጣ አንድ ፈጣን ጣቢያ ቢቆም ይህ መንገድ ለኤሌክትሪክ መኪና የተሠራ ነበር የሚመስለው፤ በዚህ መንገድ ዓባይን የሚሻገር መኪና የሚያልፍባቸው ከተሞች ናቸውና።

በ84 ከመቶ ተነሣን። ሙሉ እስክትሆን መጠበቅ ይቻል ነበር፤ መንገዱ ግን እስከ መቼ ክፍት እንደሚሆን ማንም አያውቅም። ዓባይን ወርደን ወጥተን ጎሃ ጽዮን ላይ 53 ቀረ። በሒሳቡ አዲስ አበባ ያደርሳል፤ ለመጠባበቂያ ግን ምንም አይተርፍም። ፍቼ ላይ አንድ ሆቴል ገባን። ግቢው ውስጥ፣ ጄኔሬተሩ ካለበት ክፍል፣ ኤርዝ ያለው ሶኬት ተገኘ፤ ሳጥኗ ወዲያው አረንጓዴ በራች። ባለቤቱ ምን ያህል ማስከፈል እንዳለባቸው አላወቁም። ከሰው ለስልክ መሙያ አምስት ብር ይቀበላሉ፤ ለመኪና ግን ተጠይቀው አያውቁም። ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር ስንሰካ ጽፈን ስንነቅል ልዩነቱን እንድናሰላ፣ በእሱ ላይ ለሶኬቱ ኪራይ እንድንጨምር ተስማማን። ምሳ በልተን፣ ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው እስኪጠጣ ቆየን።

ስንወጣ ባለቤቱ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው መጡ። ከበሩ አጠገብ መኪና በሚቆምበት ቦታ እንዲህ ያለ ሶኬት ማስገጠም እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። የደብረ ወርቁ ልጅ ያስተማረኝን ሣልኩላቸው፦ የብረቱን ርዝመት፣ ከሰሉንና ጨውን፣ እርጥብ ቦታ መምረጥን፣ ኒውትራልን ፈጽሞ አለመቀጠልን። ሽቦው ባለ 4 ሚሊ እንዲሆን፣ ምጣድ ካለበት መስመር ተለይቶ የራሱ ብሬከር እንዲኖረው ጻፍኩላቸው። የልጁን ስልክም ፈልገው ነበር፤ እሱን አስፈቅጄ እደውላለሁ አልኳቸው፤ ደውዬም አገናኘኋቸው።