የሀና ማርያም የግርፋት አዋጅ፦ ረቂቅ ከነሐተታ ዘምክንያቱ

መግቢያ

ግርፋት ከኢትዮጵያ የቅጣት ዝርዝር የወጣው ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ አዲሱ የወንጀል ሕግ ሥራ ላይ በዋለበት ዕለት ስለሆነና ከዚያ ወዲህ ዳኛ ጅራፍ የማዘዝ ሥልጣን ስለሌለው፤

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በሀና ማርያም የታክሲ ሰልፍ ላይ ስልክ በተነጠቀ ቁጥር «እንዲህ ያለውን አደባባይ አስተኝቶ አርባ ማቅመስ ነበር» የሚለው የውሳኔ ሐሳብ ያለ ተቃውሞ ስለሚጸድቅ፤

የሐሳቡ ደጋፊዎች «እኛስ በአለንጋና በኩርኩም አይደል ሰው የሆንነው» እያሉ ስለሚመሰክሩ፣ ሰው ስለመሆናቸው ሌላ ማስረጃ የጠየቃቸው ግን ስለሌለ፤

ሕጉ የተወውን ዱላ ሕግ አስከባሪው ጨርሶ ስላልተወው፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም የቆጣሪ መኖርና አለመኖር ሆኖ ስለተገኘ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የሀና ማርያም የግርፋት አስተዳደር አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። በነጋሪት አይጎሰምም፤ የታክሲ ረዳቶች «ሀና ማርያም፣ ሀና ማርያም፣ አንድ ሰው የቀረው!» ከሚለው ጋር አያይዘው ይለፍፉታል።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «ወንጀለኛ» ማለት ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ያለው ሰው ነው። «ሌባ» ማለት ደግሞ ሰዎች «ሌባ! ሌባ!» እያሉ የተከተሉት ሰው ነው። ሁለቱ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ላይሆኑም ይችላሉ። አዋጁ ተፈጻሚ የሚሆነው በፊተኛው ላይ ነው። የኋለኛው አስቀድሞ ስለሚደበደብ አዋጁ አይደርስበትም።

አንቀጽ 3፦ የግርፋት ልክ

ግርፋት ከአርባ አይበልጥም።

ሐተታ፦ ቁጥሩ በዘፈቀደ አልተመረጠም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 25 ዳኛ ከአርባ በላይ እንዳያስገርፍ ይከለክላል፤ ምክንያቱም ከዚያ ካለፈ ተገራፊው በወንድሙ ፊት ይዋረዳል የሚል ነው። ፍትሐ ነገሥትም ግርፋትን ያውቀዋል፤ የ1923ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም አልተወውም። የ1949ኙን ሕግ ያረቀቁት የጄኔቫው ሊቅ ዣን ግራቨን ግን ግርፋትን በረቂቃቸው አላስገቡትም ነበር። ያስገባው ፓርላማው ነው። አንቀጹ አዲስ ቁጥር ሳያገኝ «120 ሀ» ተብሎ መሰካቱ ራሱ በኋላ የመጣ መሆኑን ያሳብቃል። እንዲህም ሆኖ ልኩን ያወቀ ድንጋጌ ነበር፦ በከባድ ስርቆትና በከባድ ውንብድና ብቻ፣ ከአርባ ሳያልፍ፣ ሐኪም እየተቆጣጠረ። ለወጣት ጥፋተኞችም አንቀጽ 172 በቀጭን በትር ከአሥራ ሁለት የማይበልጥ ምት ፈቅዶ ነበር።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበትን፣ ኢሰብአዊ የሆነውንና ክብርን የሚያዋርደውን ቅጣት ከለከለ። የወንጀለኛ መቅጫው ግን እስከ 1997 ዓ.ም. ከነግርፋቱ ቆየ። አሥር ዓመት ያህል ሁለቱ መጻሕፍት በአንድ የዳኛ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አልተነጋገሩም።

በግርፋት ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰብ የሚል ሐሳብ በረቂቁ ላይ ቀርቦ ነበር። አርባው አርባ ስድስት ሆኖ የኦሪቱን ጣሪያ ስለሚጥስ ውድቅ ተደርጓል። ደረሰኝ ግን የግድ ነው። ደረሰኝ ያልተሰጠው ተቀጪ አለመገረፍ መብቱ ነው።

አንቀጽ 4፦ ስለ መግረፊያውና ስለ ተገራፊው ማዕረግ

የመግረፊያ ግዥ በግልጽ ጨረታ ይፈጸማል።

ሐተታ፦ የጉማሬ ቆዳ አለንጋ ስመ ጥር ቢሆንም ጉማሬው የዱር እንስሳ በመሆኑ ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱ እስኪመጣ ድረስ የቡሄ ጅራፍ በጊዜያዊነት ያገለግላል። የቡሄ ጅራፍ ድምፁ ከምቱ ስለሚበልጥ የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉም ይመርጠዋል።

ይህ አዲስ ብልሃት አይደለም። በ1520ዎቹ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በአፄ ልብነ ድንግል ሰፈር የሰነበተው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በግቢው ሰው ሲገረፍ አይቶ ጽፏል። ጅራፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው መሬት ላይ ነበር፤ ገላ የሚነካው ከላይ ምልክት ሲሰጥ ነው። ከተገራፊዎቹ መካከል ትልልቅ ዳኞችና ሹማምንት ይገኙ ነበር፤ ተገርፈውም ወደ ሹመታቸው ይመለሱ ነበር። ዛሬ «የአባቶቻችን ሥርዓት ይመለስ» የሚሉ ወገኖች ስለ ስልክ ነጣቂው ብዙ ተናግረዋል። ሹሙን የሚመለከተው የዚሁ ሥርዓት ክፍል እንዲመለስ ግን አንድም ጥያቄ ስላልቀረበ በረቂቁ አልተካተተም።

አንቀጽ 5፦ ስለ ሐኪም

ግርፋት የሚፈጸመው ሐኪም ባለበት ነው።

ሐተታ፦ ሐኪሙ የሚመሰክረው ተቀጪው ሕመም የማይሰማው መሆኑን ሳይሆን ሕመሙን የሚችል መሆኑን ነው። ለዚህ ሥራ የሚስማማ መሐላ እስኪዘጋጅ ድረስ አሁን ያለው የሕክምና መሐላ አርባ ምት ለሚፈጀው ጊዜ ይታገዳል።

አንቀጽ 6፦ ስለ ውጤቱ

ግርፋት ወንጀልን መቀነስ አለመቀነሱ አይጠናም።

ሐተታ፦ ያጠኑት ተጸጽተዋል። በእንግሊዝ የካዶጋን ኮሚቴ የሚባለው አጣሪ ቡድን በ1938 እ.ኤ.አ. የተገረፉትን ወንበዴዎች ካልተገረፉት ጋር አነጻጸረ። የተገረፉት በኋላ ሕይወታቸው የተሻሉ ሆነው አልተገኙም፤ እንዲያውም ጥቂት የባሱ ነበሩ። አገሪቱ በ1948 እ.ኤ.አ. ግርፋትን ከፍርድ ቅጣትነት ሰረዘች። እንዲህ ያለ ነገር ሀና ማርያም እንዳይደርስ መከላከል ያሻል።

ከዚህ ይልቅ የሚጠቀሰው ሲንጋፖር ነው። እዚያ ፍርድ ቤት በአንድ ጊዜ እስከ 24 የበትር ምት ሊወስን ይችላል። በ1994 እ.ኤ.አ. መኪና በቀለም አበላሽቷል የተባለው አሜሪካዊ ወጣት ማይክል ፌይ ስድስት ተፈርዶበት፣ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ከለመኑ በኋላ አራት ቀምሷል። ሲንጋፖር ግን ከበትሩ ጋር ጉቦን አጥብቆ የሚያሳድድ ተቋም፣ ፋይል የማይጠፋበት ፍርድ ቤትና ለአብዛኛው ሕዝቧ የተዳረሰ የመንግሥት ቤት አላት። ረቂቁ ከነዚህ ሁሉ የተበደረው በትሩን ብቻ ነው፤ በበጀት ዓመቱ ሊገዛ የሚችለው እሱ ነውና።

አንቀጽ 7፦ ስላልተፈረደበት ሰው

ያልተፈረደበት ሰው የሚደርስበት ዱላ በዚህ አዋጅ አይገዛም።

ሐተታ፦ ድንጋጌው አጭር ነው፤ ሐተታው ግን ሊያጥር አልቻለም። አርባው፣ ሐኪሙና ደረሰኙ የተዘጋጁት ለተፈረደበት ሰው ነው። በምርመራ ላይ ያለው ጣሪያም ቆጣሪም የለውም። በዚህ የተነሣ ተጠርጣሪው ቶሎ ጥፋተኛ መባልን እንደ መብት ሊለምን ይችላል። የሚፈለግበትም ይኸው ነው፦ «እመን!»

የአሠራሩ ታሪክ ረጅም ነው። በደርግ ዘመን ተመርማሪው እጅና እግሩ ታስሮ፣ በእንጨት ተንጠልጥሎ ውስጥ እግሩን ሲገረፍ «ወፌ ላላ» ይባል ነበር። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ፤ የምርመራ እስር ቤቱ ማዕከላዊ ግን በዚያው ግቢ ሥራውን ቀጠለ። ተዘግቶ ሙዚየም ይሆናል የተባለው በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በተወካዮች ምክር ቤት ቆመው፣ ሰውን መግረፍና ጨለማ ቤት ማስቀመጥ የመንግሥት የራሱ የሽብር ተግባር እንደነበር ተናገሩ። ኅዳር 2011 ዓ.ም. ላይ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በአዲስ አበባ ብቻ ሰባት ስውር እስር ቤቶች እንደነበሩ ገለጸ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚባለው በቤተ መንግሥት ደረጃ ሲተረጎም ይህን ይመስላል፤ ያም ሆኖ ከዚያ በፊት የነበረው ጅራፍ ሲገርፍ እንኳ የማይጮኽ ስለነበር መጮኹ በመልካም ጎን ተመዝግቧል።

ሕግ ጎድሎ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ እንዳይሆን ይደነግጋል። አንቀጽ 28 ኢሰብአዊ የሆነ ድብደባ በይርጋ እንዳይታገድ፣ በምሕረትም በይቅርታም እንዳይታለፍ ያዛል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 ተጠርጣሪን የሚደበድብ መርማሪ እንደ ነገሩ ክብደት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስበት እንደሚችል ይናገራል። ኢትዮጵያም ማሰቃየትን የሚከለክለውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ1986 ዓ.ም. ተቀብላለች። የተደበደበው ሰው ግን ፍርድ ቤት ቀርቦ ሸሚዙን ሲገልጥ «ማስረጃ አቅርብ» ይባላል። በክፍሉ ውስጥ የነበሩት ደግሞ እሱና ደብዳቢዎቹ ብቻ ናቸው። ደብዳቢዎቹ «ደረጃ ላይ ወድቆ ነው» ይላሉ። በአንድ ፎቅ ጣቢያ ውስጥ ይህን ያህል ደረጃ ከየት እንደመጣ ረቂቁ አይመልስም።

በሰልፉ ላይ ስልኩን የተነጠቀው ሰው ንዴቱ እውነተኛ ነው፤ ስልኩም አልተመለሰለትም። እሱ የጠየቀው ግን ለሌባው አርባ ነው። መንግሥት አርባን መልሶ ቢፈቅድ የሚቆጠረው የተፈረደበት ሰው ምት ብቻ ይሆናል። ነጣቂ መስሎ በስህተት የተያዘው፣ እርሱ ራሱም ሊሆን ይችላል፣ በዚህ አንቀጽ ሥር ይወድቃል።

አንቀጽ 8፦ የተሻሩ ሕጎችና አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ከዚህ አዋጅ ጋር የሚቃረን ማናቸውም ሕግ ተፈጻሚነት አይኖረውም።

ሐተታ፦ የሚቃረነው ሕገ መንግሥቱ ሆኖ ተገኝቷል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ከእርሱ ጋር የሚቃረን ማናቸውም ሕግ ተፈጻሚነት የለውም። ስለዚህ አዋጁ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ዋጋ አይኖረውም፤ ጨረታው ተሰርዞ የተጫራቾች ማስያዣ ይመለሳል። አንቀጽ 7 ግን አዋጅ ሳያስፈልገው ሲሠራበት የቆየ በመሆኑ የሚጸናበት ቀን አልተወሰነለትም።