ፕሮጀክቱ ምን ደረሰ?

ሰቆጣ ላይ «ፕሮጀክት» የሚለውን ቃል በረንዳ ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው አስቀድሞ ግራ ቀኙን ቢያይ ጥሩ ነው። እኔ አላየሁም።

ዋግ ኽምራ ፕሮጀክት የለመደ አገር ነው። የእርከን መጥቷል፣ የቀፎ መጥቷል፣ የፍየል መጥቷል፣ የጉድጓድ ውኃ መጥቷል። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ቃል ሲገባ እንኳ ለሰነዱ የተገኘው ስም የከተማችን ነው፤ የሰቆጣ ቃል ኪዳን። እናም እዚህ አንድ ሰው «ፕሮጀክት» ካለ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ ምዝገባው የት ነው?

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሂሳብ መምህሩ ጓደኛዬ ላፕቶፑን በብብቱ ሸጉጦ ግቢያችን ገባ። «እሺ፣ ፕሮጀክቱ ምን ደረሰ?» አልኩት። «የኔስ ደህና ነው፤ ያንተስ?» አለኝ። አከራዬ ጥላው ሥር ተቀምጠው ጌሾ ይለቅሙ ነበር። እጃቸው ቀጥ አለ።

«የምን ፕሮጀክት ነው ልጄ?»

«የጊታር ነው እትዬ።»

«የጊደር?»

ላርም አፌን ስከፍት እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ተነስተዋል። ለአንድ አባወራ ስንት እንደሚደርሰው፣ እማወራን ይጨምር እንደሆነ፣ ጊደሯ ያገር ትሁን የፈረንጅ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ጠየቁኝ። «ጊታር እኮ ነው እትዬ፤ የሚመታው!» አልኳቸው። «ጊደር ምን አጥፍታ ትመታለች?» ብለው አዘኑብኝ። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ሦስት ሴቶች የቀበሌ መታወቂያቸውን በፌስታል ጠቅልለው በሬ ላይ ቆመዋል። አንደኛዋ ገመድ ይዘው ነው የመጡት።

ፕሮጀክት የምንለው ይኼውላችሁ፦ አራት ሰዎች ነን። የሂሳብ መምህሩ ላፕቶፕ አለው፤ ኦዳሲቲ የሚባለውን ነጻ የድምፅ መቅረጫ ጭኖበታል። ልብስ ሰፊው ክራር ይመታል። የመድኃኒት ቤቱ ልጅ ዋሽንት ይነፋል፤ ስልኩ ላይ ባንድላብ የሚባል መቅረጫ አለው። እኔ ደግሞ ጊታር አለኝ። እጫወታለሁ አላልኩም፤ አለኝ ነው ያልኩት። እሑድ እሑድ እኔ ክፍል እንሰበሰብና እያንዳንዳችን የደረስንበትን እናቀርባለን። ሰው የዋለበትን ይመስላልና አቀራረባችን ሁሉ ወረዳ ወረዳ ይሸታል። «በሩብ ዓመቱ አንድ መግቢያና ግማሽ አዝማች ተቀርጿል፤ ያጋጠመ ችግር፣ የግብዓት እጥረት፤ የተወሰደ መፍትሔ፣ የጊዜ ማራዘሚያ» እንላለን። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ተጠናቆ ርክክብ የተደረገበት አንድም ዘፈን አልነበረም።

የግብዓት እጥረቱ ግን የምር ነው። ጊታሬን የገዛሁት አዲስ አበባ ነው። እስከ ወልድያ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌው መጣሁ። ወልድያ ላይ መኪና ስቀይር ረዳቱ «ይኼ ከላይ ነው የሚሄደው» ብሎ ከጤፍ ማዳበሪያና ከጄሪካን መሐል ወረወረው። ሰቆጣ ስደርስ ቀጭኗ ክር፣ አንደኛዋ፣ ተበጥሳ እንደ ድመት ጢም ተጠቅልላለች። የቀሩት አምስቱ ደግሞ ከጊዜ ብዛት ዛጉ። «ዋግ መታቸው» ብዬ ለመቀለድ ሞክሬ ነበር። የግብርና ባለሙያ የሆነ ጎረቤቴ ግን ዋግ ስንዴን እንጂ ብረትን እንደማይመታ፣ ከአገራችን ስምም ጋር እንዳላምታታው ኮስተር ብሎ አስረዳኝ።

ገበያ ወጥቼ «የጊታር ክር አለ?» ብል ባለ ሱቁ «ምን ዓይነት ቀለም?» አለኝ። ሐዘኔን ያየው ልብስ ሰፊ ከተከዜ በኩል መፍትሔ አመጣ። የተከዜ ግድብ፣ ያ 188 ሜትር ቁመት ያለው፣ በ2001 ዓ.ም. ተጠናቆ ውኃው ከተኛ ወዲህ የፍየል አገር የነበሩት አበርገሌና ዝቋላ ዓሣ አስጋሪ አፍርተዋል። የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ደግሞ ለክራር ክር እንደሚሆን ክራር መቺ ሁሉ ያውቃል። እኔም ጊታሬ ላይ ወጠርኩት። ችግሩ ናይለን ሲወጠር መለጠጡን አያቆምም፤ መግቢያውን ስጀምር ትክክል የነበረው ድምፅ አዝማቹ ጋ ስደርስ አንድ እርምጃ ወደ ተከዜ ወርዶ አገኘዋለሁ። በመጨረሻ አወለቅኩት። «ለምን ትጨነቃለህ?» አለኝ ልብስ ሰፊው፤ «ትዝታ እንደሆነ አምስት ድምፅ ነው። ለአምስት ድምፅ ስድስት ክር ትርፍ ነው»። አምስቱን ክሮች እንደ ክራር በትዝታ ቃኝቼ የግራ እጄን ጣት ሳላሳርፍ ስመታቸው፣ እግዜር ይይለት፣ አማረ። 8 ሺህ ብር አውጥቼ ክራር ገዝቻለሁ ማለት ነው።

የልብስ ሰፊው ፕሮጀክት ከሁላችንም የገዘፈ ነው። አራቱን ቅኝቶች ታውቃላችሁ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ለኔ። ባቲና አምባሰል የወሎ አገር ስሞች ናቸው። ዋግም በዘመኑ የወሎ ክፍለ ሀገር አውራጃ ነበር። «ታዲያ እኛ ምን በደልን? ለባቲ ቅኝት ተሰጥቶ ለዋግሹሞች አገር የሚነፈገው በምን ሒሳብ ነው?» ይላል። አምስተኛ ቅኝት ሊያወጣ ተነሥቷል፤ ስሙም ሰቆጣ ነው። እስካሁን ያየሁት ነገር ቢኖር ክራሩ በተዛነፈ ቁጥር «ይኼ እኮ ሰቆጣ ነው!» ማለቱን ነው። እስካሁን አሥራ አንድ ዓይነት ሰቆጣ ሰምተናል።

አንድ ቀን መሰንቆ የሚመቱ ሽማግሌ እንዲዳኙን ጋበዝን። አባባ ጠላቸውን ይዘው ጊታሬን አገላብጠው አዩና የአንገቱን ብረቶች በጣታቸው ቆጠሩ። «ይህን ሁሉ እርከን ማን ሠራው? የሴፍቲኔት ነው?» አሉ። ቀልዳቸው ውስጥ ግን ትልቅ ሙያ ነበረበት። የጊታር አንገት ድምፅን በ12 እኩል ደረጃ ከፋፍሎ ያስቀመጠ እርከን ነው፤ በሁለት እርከን መካከል ልቁም ብትል አያስቆምህም። መሰንቆ እርከን የለውም። አባባ አንቺ ሆዬን ሲመቱ ጣታቸው እኔ ጊታር ላይ በሌለኝ ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። ተከትያቸው ለመሄድ ሞክሬ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቀስታቸውን አስቀምጠው «አንተ በመኪና መንገድ ሂድ፤ እኔ በእግር ተራራውን አቋርጬ እመጣለሁ» አሉኝ። ደግሞም ቀደሙኝ።

የቤት ውስጥ ቀረጻ የሚባለው ነገር በፊልም ሲታይ ቀላል ነው። እኛ ዘንድ መጀመሪያ ጸጥታ መፈለግ አለበት። ቀን ወፍጮ ቤት አለ፣ ባጃጅ አለ፣ አውራ ዶሮ አለ። ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ ጣራ ሥር መቅረጽ ከሞከርክ ዝናቡ ከበሮ መቺህ ነው፤ ያውም ምት የማይጠብቅ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አገር ጸጥ ይላል ብለን ተነሣን፤ ጅቡ ነበር የሚጠብቀን። ጅቡ ሲያበቃ ማሕሌቱ ገባ። ጋቢ ተከናንቦ መቅረጽ ይረዳል፤ ወፍራም ጨርቅ ቀጫጭኑንና የሚያንጫጫውን ድምፅ ይመጥጣል፣ ጎርናናውን ግን አይችለውም። ግድግዳ ላይ የእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን መለጠፍ ግን ከንቱ ድካም ነው፤ ሞክረነዋል። ድምፁ እንደነበረ ነው፤ አከራዬ ብቻ «ዶሮዎቹስ መቼ ይመጣሉ?» ብለው ጠየቁ። እሳቸው መቼም ከፕሮጀክት ተስፋ አይቆርጡም።

ሌላው ጣጣ ላተንሲ የሚባለው ነው። ክሩን አሁን ትመታለህ፣ ድምፁ በኮምፒውተሩ ዞሮ ጆሮህ የሚደርሰው ቆይቶ ነው። ብሉቱዝ ማዳመጫ ከሆነ መዘግየቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ሚሊ ሰከንድ ይበልጣል፤ በዚያ ላይ ምት መጠበቅ የማይታሰብ ነው። ለመድኃኒት ቤቱ ልጅ ይህን ሳስረዳው ወዲያው ገባው። «በጀት ነዋ! በሐምሌ ይጸድቃል፣ ሰኔ ላይ ይደርሳል» አለ። መድኃኒቱ ባለ ሽቦ ማዳመጫ ነው። ለበጀቱ መድኃኒት የለኝም አለ።

መምህሩ ባለፈው ነሐሴ የሻደይን በዓል ሊቀርጽ ወጣ። ከነሐሴ 16 ጀምሮ ልጃገረዶቹ የሻደዩን ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ እየመቱ በየደጁ ሲጨፍሩ አገሩ ሌላ ይሆናል። እሱ ስልኩን ከከበሮው ስንዝር የማትሞላ ርቀት ላይ ደገነው። ቤት ገብቶ ላፕቶፑ ላይ ሲከፍተው የድምፁ ሥዕል አናቱ የተላጨ አምባ ብቻ ሆኖ ተደርድሯል። ማይኩ ከሚችለው በላይ ሲገባበት ጫፉን ቆርጦ ይጥለዋል፤ የተቆረጠውን ደግሞ የሚመልስ የለም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ድምፁ ጥርት ይላል፤ ልጆቹ እጁ እንደማይፈታ አይተው ከበሮውን ዝቅ አድርገው በስሙ እየገጠሙ የሰደቡት ቦታ። እሱን ክፍል «ለሳይንሳዊ ጥቅም» ብሎ አላጠፋውም። እኛ ግን በየእሑዱ እናስከፍተዋለን።

የመድኃኒት ቤቱ ልጅ ዋሽንቱን የሚቀርጽበት ቦታ የአከራዬ ጎታ ነው። በጭድ የተለወሰ ጭቃ ስለሆነ ድምፁ አይጮህም፣ ደስ የሚል ጥልቀትም ይሰጣል፤ ለነገሩ ዕውቀቱ አለበት። አንድ ቀን አንገቱን ጎታ ውስጥ ቀብሮ ሲነፋ አከራዬ ደርሰው ቆመው አዩት። አልሳቁም። «ውጣ ልጄ፤ በባዶ ጎታ አይቀለድም» አሉት። የሰባ ሰባትን ረሃብ ያዩ ናቸው።

ያን ቀን ቡና አፈሉልንና ስለ ሰባ ሰባት ጥቂት አወሩ። እኔም የማውቀውን ነገርኳቸው። በዚያ ጥቅምት ጋዜጠኞቹ ማይክል በርክና መሐመድ አሚን ጎረቤታችን ኮረም መጥተው የቀረጹትን ቢቢሲ ሲያሳይ ዓለም ደነገጠ። ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር የሚባሉ ዘፋኞች ለእርዳታ የሚሆን ዘፈን ሠሩ። የዘፈኑን ሙዚቃ ሚጅ ዩር ያዘጋጀው እቤቱ ባለው ስቱዲዮ ነው፤ የእኛ ቢጤ መሆኑ ነው፣ መብራቱ ሳይጠፋበት። ዘፋኞቹ ተሰብስበው ለንደን ላይ ድምፃቸውን የቀረጹት ኅዳር 16 ቀን 1977 በአንድ ቀን ነው። ገንዘቡም መጣ፣ ስንዴውም መጣ። የዘፈኑ ርእስ ደግሞ ጥያቄ ነው፦ ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?

«እነማን?» አሉ አከራዬ።

«እኛ።»

ስኒያቸውን አስቀመጡ። ላሊበላ እዚሁ ተራራው ማዶ ነው፤ በእሳቸው ዕድሜ ስንት ገና በእግራቸው እንደሄዱ ቆጥረው አይዘልቁትም። «ለመሆኑ የእነሱ ገና መቼ ነው?»

«ታኅሣሥ 16።»

«በጾም?!» አሉና እስኪያነቡ ሳቁ። «እህ! አለማወቁስ በማን ሆነና!» ነቢያት በገባ በማግስቱ ተሰብስበው መዝፈናቸውን አልነገርኳቸውም።

እኛን ከተስፋ መቁረጥ ያዳኑን ግን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። በወጣትነታቸው ግሸን ማርያም ገዳም የኖሩት እኚህ መነኩሲት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1977 እስከ 1985 አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ፒያኖ ፊት ተቀምጠው እየዘመሩ በካሴት ይቀርጹ ነበር። ካረፉ በኋላ በ2016 ዓ.ም. ያ ቀረጻ «ሱቨኒር» ተብሎ ታተመ። መምህሩ አውርዶ አሰማን። ከመስኮቱ ውጭ ወፎች ይሰማሉ። ማንም አላጠፋቸውም፤ ያለ እነሱም ያን ያህል የሚያምር አይመስለኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ዶሮውን ከማባረር ተቆጥበናል። ጅቡ ላይ ገና ስምምነት የለም።

በቅርቡ ትዝታዬን፣ በአምስት ክር፣ እስከ መጨረሻው ቀረጽኩት። ዶሮው አለበት፣ የሙቀጫው ድምፅ አለበት፣ የባጃጅ ጥሩንባም በደንብ ገብቷል። አከራዬን ጠርቼ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ ፍጻሜው ሰሙ። «ሙቀጫው የኔ ነው አይደል?» አሉ። አዎ አልኳቸው። «እሱ ጥሩ ነው» አሉ። ቆይተውም፣ «ጊደሯ ብትሆን ግን ይሻል ነበር።»

ከወልድያ ወይም ከኮረም በኩል ወደ ሰቆጣ ብቅ የምትሉ ሰዎች ካላችሁ አንድ የጊታር ክር ይዛችሁልኝ ኑ፤ አንደኛዋን፣ ቀጭኗን። ዋጋዋን ከነትራንስፖርቷ እከፍላለሁ። አከራዬ በር ላይ አግኝተው ምን ይዛችሁ እንደመጣችሁ ከጠየቋችሁ «ክር ነው» በሏቸው፤ ከዚያ አትለፉ።